አሻራችንን የያዘው መሥሪያ ቤት

አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያ ቀኑ የሚያስረክበውን ነገር ልብ ብሎ ያየ ሰው ይደነግጣል። የትምህርት ማስረጃ ከነኮፒው፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ አሁን ደግሞ የፋይዳ ቁጥር፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት መልቀቂያ። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚረከብ ከሆነ ተያዥ ይጨመራል፤ ተያዡም በተራው መታወቂያውን፣ ፎቶግራፉንና የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤውን ይዞ ይቀርባል። ከዚያ ቅጽ ይሞላል፦ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት፣ ሃይማኖት፣ አንዳንድ ቦታ ብሔርም። በመጨረሻ በሩ አጠገብ ከተሰቀለችው ትንሽ ማሽን ፊት ቆሞ ጣቶቹን እያፈራረቀ ይጫናል። በዚህ ሁሉ መሀል «ይህ ለምን ያስፈልጋችኋል?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ሥራ ፈልጎ የመጣ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማንሳት አቅሙ የለውም።

ጥያቄውን አሁን ሕጉ ጠይቆለታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ብዙ ሰው ያሰበው ስለ ባንክ፣ ስለ ቴሌኮምና ስለ ስልክ መተግበሪያ ነበር። አዋጁ ግን የሰው መረጃ ሰብስቦ ለምን እንደሚያውለው የሚወስንን አካል ሁሉ ይመለከታል፤ መረጃው ኮምፒውተር ውስጥ ቢሆንም፣ በስም ተለይቶ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ማኅደር ውስጥ ቢሆንም። ሠራተኛ የቀጠረ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ሃያ ሰው የሚያሠራ ሆቴልም፣ በሺዎች የሚያሠራ ፋብሪካም፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤትም።

ከዚያ ወዲህ ድርጅቶች ለአዋጁ የሚዘጋጁበትን መንገድ ሳይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። መጀመሪያ የሚፈለገው የስምምነት ቅጽ ነው። ጠበቃ ይጠራል፣ «የግል መረጃዬን ድርጅቱ እንዲጠቀምበት ተስማምቻለሁ» የሚል አንድ ገጽ ይረቀቃል፣ ሠራተኛው ይፈርማል፣ ወረቀቱ ከማኅደሩ ጋር ይያያዛል፤ ጉዳዩም ያለቀ ይመስላል። በእኔ እምነት ይህ መንገድ ሠራተኛውንም አሠሪውንም አያድንም። እንጀራው በእጅህ ያለ ሰው የሚሰጥህ ፊርማ ከፈቃድ አይቆጠርም። የሥራ ቦታን የመረጃ አደጋ የሚቀንሰው ትንሽ መሰብሰብ ነው።

የሰው የግል ሕይወት በአገራችን ሕግ ውስጥ ቦታ ያገኘው ዛሬ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ከልክሏል፤ ሠራተኞቻቸውን አሰልፈው ፎቶ አንስተው ለማስታወቂያ የሚለጥፉ ድርጅቶች ይህን አንቀጽ ቢያነቡት መልካም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ አካልን፣ ደብዳቤንና በስልክም በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም የሚደረግን ግንኙነት ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ደግሞ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አስቀምጧል፦ አሠሪው በቂ ምክንያት ሲኖረው ሠራተኛውን ሕክምና እንዲመረመር ሊጠይቀው ቢችልም፣ የኤችአይቪ ምርመራን ግን ከዚህ አውጥቶታል። ያ ድንጋጌ የተጻፈው በሽታው ስንቱን ቤት እየዘጋ፣ መታወቁም ስንቱን ከሥራ እያስወጣ በነበረበት ዘመን ነው። ሕግ አውጪው ያኔ የተረዳው ነገር ዛሬም ይሠራል፤ አሠሪ ማወቅ የሌለበትን ነገር ካወቀ በኋላ እንዳላወቀ ሆኖ እንዲወስን ማድረግ አይቻልም።

አዲሱ አዋጅ ያመጣው ለውጥ የማስረዳት ሸክሙን ማዞሩ ነው። ቀድሞ ተበደልኩ የሚለው ሰው ነበር የሚያስረዳው። አሁን ሰብሳቢው ነው፦ ለምን ዓላማ እንደሰበሰበ፣ ለዚያ ዓላማ ይህን ያህል ለምን እንዳስፈለገው፣ እስከ መቼ እንደሚያቆየው፣ ከማን ጋር እንደሚጋራው። ሠራተኛው ስለ ራሱ የተያዘውን የማየት፣ የተሳሳተውን የማሳረም መብት አለው። የዘር ምንጭ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ ጤና፣ እንዲሁም እንደ አሻራና የፊት ገጽታ ያለው የባዮሜትሪክ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ተመድበዋል። ይህን ዝርዝር ይዞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የገባ ሰው፣ ጥንቃቄ የሚሹት ሁሉ በአንድ ካርቶን ክላሰር ውስጥ በክር ታስረው ያገኛቸዋል።

ወደ ማሽኗ ልመለስ፤ የነገሩ ሁሉ መፈተኛ እሷ ናትና።

አሠሪው ሰዓት መቆጣጠር የለበትም የሚል ሰው የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ጊዜ ለማሰናበት ይፈቅዳል። ሰው እንጀራውን ሊያጣ የሚችልበት ነገር በትክክል መመዝገብ አለበት፤ ይህ ለሠራተኛውም ይጠቅማል። የፊርማ ወረቀቱ ችግርም የታወቀ ነው። ጓደኛ ለጓደኛ ይፈርማል፣ ሦስት ሰዓት የገባው ሁለት ሰዓት ብሎ ይጽፋል፣ አለቃው ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ እስኪዘጋው ድረስ ሁሉም በሰዓቱ የገባ ነው። በዚህ የተማረረ ሥራ አስኪያጅ ማሽን ቢገዛ አልፈርድበትም።

ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሰዓት ለመያዝ የግድ የሰው አካል መያዝ ነበረበት ወይ? ለዚህ የእኛው አገር ልምድ መልስ ሰጥቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ንክኪን ፈርተው ማሽኑን አቁመው ወደ ፊርማ ተመለሱ። ደመወዝ ተከፈለ፣ ቀሪው ተለየ፣ ሥራው ቀጠለ። ወረርሽኙ ሲበርድ ማሽኑ ተመልሶ ሲከፈት፣ በርግጥ ያስፈልገናል ወይ ብሎ ቆም ያለ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

ማሽኑ ለሁሉም እኩል እንደማይሠራም ማየት ያስፈልጋል። አንድ ፋብሪካ በር ላይ ጠዋት ሠራተኛ ሲገባ ቆሜ ነበር። የቢሮ ሠራተኞቹ እየነኩ ያልፋሉ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ግን ጣቷን ጫነች፤ ማሽኑ አልተቀበላትም። በነጠላዋ ጠርጋ ሞከረች፣ በእስትንፋሷ አርጥባ ሞከረች፣ ሌላ ጣት ሞከረች። ከኋላዋ ሰልፉ ረዘመ፤ ጥበቃው «እትዬ፣ ወደ ጎን ይበሉና ሌላው ይለፍ» አላት። በረኪናና ሳሙና ለዓመታት የበላው ጣት መስመሩ ሳስቷል፤ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ድንጋይ የሚጠርብ፣ ቆዳ የሚያለፋም እንዲሁ። ያቺ ሴት የመጣችው ከሁሉ ቀድማ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ግን አርፍዳለች፤ ለማስተካከልም ማመልከቻ መጻፍ ነበረባት። ስምንት ጊዜ የሚለውን የሕግ ቁጥር ከዚህ ጋር አያይዞ ማሰብ ነው።

አሻራ ከይለፍ ቃል የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ የወጣ ይለፍ ቃል ይቀየራል፣ የጠፋ መግቢያ ካርድ በሌላ ይተካል፣ ጣት ግን ዕድሜ ልክ አንድ ነው። ማሽኖቹ በአብዛኛው የጣቱን ፎቶ አያስቀምጡም፤ ከመስመሮቹ የተሠራ ኮድ ነው የሚይዙት። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኮዱም ቢሆን ባለቤቱን ለይቶ የሚያሳውቅ መረጃ ነው፤ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ በሰው ሀብት ክፍሉ ጥግ ያለ፣ ይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ እንደመጣ ያልተቀየረ፣ ማሽኑን የሸጠው ድርጅት ቴክኒሻን ከውጭ ሆኖ የሚገባበት ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው መሸኛ ሲይዝ ከንብረት ክፍል፣ ከሒሳብ ክፍል፣ ከቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ያስፈርማል። ከእሱ የተወሰደው አሻራ መጥፋቱን የሚያረጋግጥለት ፊርማ ግን በመሸኛው ቅጽ ላይ የለም።

በዚያው አዋጁ በወጣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024፣ የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ሰርኮ ሌዠር የተባለውን የመዝናኛና የስፖርት ማዕከላት አስተዳዳሪና ተባባሪዎቹን በዚሁ ጉዳይ ይዟቸው ነበር። በ38 ማዕከላት ከ2,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን ሰዓት የሚቆጣጠሩት በፊት ገጽታና በአሻራ ነበር። ድርጅቱ ይህን ማድረግ ለምን እንዳስፈለገው፣ መታወቂያ ካርድ ወይም ሌላ ቀላል ዘዴ ለምን እንደማይበቃው ማስረዳት አልቻለም። ሠራተኞቹ አማራጭ እንዳላቸው አልተነገራቸውም። ጽሕፈት ቤቱ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለውን የአቅም ልዩነት አንስቶ፣ ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ቦታ እምቢ ማለት እንደማይችል ገለጸ፤ አሠራሩ እንዲቆምና ሕግ እንዲቀመጥ ካላስገደደ በቀር የተሰበሰበው በሦስት ወር ውስጥ እንዲጠፋ አዘዘ። ለእኛ የሚጠቅመው የክርክሩ አካሄድ ነው። ማንም «ፈርመዋል ወይስ አልፈረሙም?» ብሎ አልጀመረም። የተጀመረው «ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ?» ከሚለው ነው።

አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የባዮሜትሪክ ሕግ ከዚህ ይከራል፦ አሻራ ከመወሰዱ በፊት በጽሑፍ ማሳወቅና ማስፈቀድ ግዴታ ነው፣ ይህ ካልሆነ ሰውየው ራሱ መክሰስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ቺካጎ የተሰየመ የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ቢኤንኤስኤፍ የተባለውን የባቡር ኩባንያ ጥፋተኛ ሲለው፣ በግቢዎቹ መግቢያ ላይ አሻራ የተወሰደባቸው የጭነት መኪና ሾፌሮች 45,600 ነበሩ፤ ካሳው በ228 ሚሊዮን ዶላር ተሰላ። በኋላ ዳኛው የካሳው መጠን እንደገና ይታይ ብለው ጉዳዩ በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አበቃ። እነዚያ ሾፌሮች የኩባንያው ተቀጣሪዎች እንኳ አልነበሩም፤ ዕቃ ለማንሳት በሩ ላይ የደረሱ ሰዎች ናቸው። እዚህም በመጋዘን፣ በደረቅ ወደብና በፋብሪካ በር ላይ መታወቂያው የሚያዝበት፣ ስሙና ስልኩ በመዝገብ የሚሰፍርበት ሾፌርና እንግዳ አለ፤ አሠሪው ስለ ሠራተኛው ሲያስብ እነሱንም መርሳት የለበትም።

ከማሽኑ ቀጥሎ ሁለተኛው መፈተኛ ቦታ የሕመም ፈቃድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሠረት በሕመም ምክንያት የቀረ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ለዚህ ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ያቀርባል። ማስረጃው የሚመልሰው ጥያቄ ሁለት ነው፤ ሰውየው መሥራት ይችላል ወይ፣ ለስንት ቀን ማረፍ አለበት። ነገር ግን ከሐኪም ቤት የሚወጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ የበሽታውንም ስም ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ከቅርብ አለቃ ወደ ክፍል ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ ሰው ሀብት፣ በእንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ አልፎ ወደ መዝገብ ቤት፣ ኮፒው ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል። አንዲት ሴት ፅንስ እንደወረደባት፣ አንድ ሰው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ሌላው የሳንባ ነቀርሳ እንደተገኘበት በአንድ ቀን ውስጥ ስድስት ሰው ያውቃል። የሚያነበው ሰው ክፉ መሆን የለበትም፤ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብሎ በቡና ሰዓት ሲያነሳው ወሬው ቢሮውን አዳርሷል።

ጀርመን ኑረምበርግ ውስጥ ኤች ኤንድ ኤም በተባለው የልብስ ነጋዴ ኩባንያ የአገልግሎት ማዕከል ላይ የሆነው ከዚህ ይመሳሰላል። የሥራ መሪዎቹ ከዕረፍት ወይም ከሕመም የተመለሰን ሠራተኛ «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ያነጋግሩት ነበር። ከጨዋታው በኋላ የሕመሙን ምልክትና የበሽታውን ስም፣ ከሌላ ጊዜ ወሬ የሰሙትን የቤተሰብ ጠብና ሃይማኖታዊ እምነት ሳይቀር ይመዘግባሉ። ማስታወሻውን እስከ 50 የሚደርሱ ኃላፊዎች ያዩት ነበር፤ ሥራና ዕድገት ሲወሰንም ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 በአንድ የቴክኒክ ስህተት ፋይሉ ለጥቂት ሰዓታት ለድርጅቱ ሁሉ ክፍት ሆነ፤ ሠራተኞቹ ስለ ራሳቸው የተጻፈውን አነበቡ። የሐምቡርግ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር በ2020 የ35.3 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። ይህን ታሪክ የማነሳው ለቅጣቱ መጠን አይደለም። መረጃው የተሰበሰበው በወዳጅነት ቃል መሆኑን ለማሳየት ነው። እኛ ጋ አለቃና ሠራተኛ የታመመ ይጠያየቃሉ፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ፤ ይህ ሊጠፋ የማይገባው ደግነት ነው። ሊጠፋ የሚገባው፣ በጥየቃ የተሰማው ነገር ለሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚዞርበት መንገድ ነው። የሐኪም ወረቀቱንም በታሸገ ፖስታ ለአንድ ሰው ብቻ ማስረከብ፣ ለቀሩት ክፍሎች «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ፈቃድ ላይ ነው» የሚል መስመር መላክ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ብሔርና ሃይማኖት ብዙ መተንተን አያስፈልገውም። ያለፉትን ዓመታት ያየ ኢትዮጵያዊ፣ የሰዎች ማንነት በስም ዝርዝር ተለይቶ በአንድ ሰው እጅ መገኘቱ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ማንም አያስረዳውም። ፋይዳ እንኳ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ መታወቂያ ሆኖ ሳለ፣ ሲመዘግብ ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። አንድ የግል ድርጅት ታዲያ የሒሳብ ሠራተኛውን ብሔር ለምን ይጠይቃል? ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ከቀድሞው ቅጽ ገልብጦት ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞውም ከሌላ። ይህን ሣጥን ከቅጹ ለማውጣት የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚህ በፊት የተሞሉትን ማጥፋት ደግሞ ጥቂት ቀን ይወስዳል። በዚህ ጉዳይ ላይ ትዕግሥት የለኝም፤ መዘግየቱን የሚያጸድቅ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ተቀጥሮ የሚሠራው ብቻ አይደለም መረጃው የተያዘው። ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ ሁለት መቶ ሰው ሲያመለክት አንድ ሰው ይቀጠራል፤ የቀረው ማመልከቻ ከነመታወቂያ ኮፒው፣ ከነስልክ ቁጥሩ በካርቶን ተሞልቶ ዕቃ ቤት ይገባል። ከዓመታት በኋላ ቦታ ሲጠብ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ይሸጣል። ሱቅ ሄዶ ቆሎ ወይም በርበሬ የገዛ ሰው፣ መጠቅለያው የማያውቀው ሰው የትምህርት ማስረጃ ወይም የደመወዝ ዝርዝር ሆኖ አግኝቶት ያውቃል። ተያዡም እንዲሁ ነው። እሱ ከድርጅቱ ጋር የሥራ ውል የለውም፤ ለዘመዱ ወይም ለጓደኛው ብሎ ፎቶግራፉንና የገቢ ማስረጃውን ሰጠ፣ ሰውየው ከሥራው ከወጣ በኋላም ወረቀቱ እዚያው ይቀራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሥራ የሚሄዱት እህቶቻችን መረጃ ነው። ኤጀንሲ የሚያዘጋጀው የአንዲት ልጅ ማስተዋወቂያ ገጽ ሙሉ ቁመቷን የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ሃይማኖት፣ ቁመትና ክብደት፣ የልጆች ቁጥር ይይዛል። ገጹ በዋትስአፕ ከደላላ ወደ ደላላ ይዞራል፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይለጠፋል፤ ልጅቷ ሄዳ ተመልሳም፣ አግብታ ወልዳም ያ ፎቶ እዚያው አለ። አገር ውስጥ ያለው ኤጀንሲ እንደማንኛውም ሰብሳቢ በአዋጁ ይጠየቃል፤ መረጃን ከአገር ለማስወጣትም አዋጁ ራሱን የቻለ ሁኔታ አስቀምጧል። ፈቃድ ሰጪው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ኤጀንሲዎችን ሲመረምር ይህን ገጽ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ቢያደርገው፣ ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ ሥራ ነው።

ስለ ካሜራና ስለ መልእክት ባጭሩ ልበል። መጋዘንና ገንዘብ ቤት ላይ የተሰቀለ ካሜራ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት ክፍል ውስጥ የተሰቀለው ግን ምክንያት ሊቀርብበት ይገባል፤ ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ያለው ምክንያት የለውም። መልእክትን በተመለከተ የሚጠቀሰው የሩማኒያዊው የቦግዳን በርቡሌስኩ ጉዳይ ነው። አሠሪው ለደንበኞች መልስ እንዲሰጥበት ያሁ ሜሴንጀር እንዲከፍት አዘዘው፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 የጻፈውን ተከታትሎ ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር የተለዋወጠውን 45 ገጽ አትሞ አቀረበበትና አባረረው። የድርጅቱ ደንብ የሥራ መሣሪያን ለግል ጉዳይ መጠቀምን ይከለክል ነበር። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በ2017 በ11 ለ6 ድምፅ ሰውየው መብቱ ተጥሷል አለ፤ ክትትል እንደሚደረግ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚሆንም አስቀድሞ አልተነገረውም፣ የአሠሪ ደንብም የሰውን የግል ሕይወት በሥራ ቦታ ጨርሶ ባዶ ሊያደርገው አይችልም። እኛ ጋ ችግሩ በሌላ በር ይመጣል፦ የሥራ መመሪያ የሚተላለፈው በሠራተኛው በራሱ ስልክና በራሱ ቴሌግራም ነው። እዚያው ግሩፕ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፎቶ ተነስቶ ይለጠፋል፣ የሁሉም ስምና የባንክ ሒሳብ በአንድ ዝርዝር ይላካል፣ ከሥራ የለቀቀው ሰው ከግሩፑ ሳይወጣ ዓመት ይሞላል።

አሠሪው ከዚህ ሁሉ ጋር ምን ያድርግ? መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ የትኛው መረጃ የት እንዳለ የሚያውቅና የሚጠየቅበት። ቀጥሎ እያንዳንዱን የቅጽ መስመር ይዞ «ይህ ባይኖር የትኛው ሥራ ይቆማል?» ብሎ መጠየቅ። ደመወዝ ለመክፈል የባንክ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ግብርና ጡረታ ለመቁረጥ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ለእነዚህ የሠራተኛው ስምምነት አይጠየቅም፣ ሕጉና ውሉ ይበቃሉ። መስመሩ ምንም ሥራ የማያቆም ከሆነ ይውጣ። ዳታ ከእጅ ሲወጣ፣ ማለትም ላፕቶፕ ሲሰረቅ፣ ፍላሽ ታክሲ ውስጥ ሲረሳ፣ የደመወዝ ዝርዝር በስህተት ለሌላ ሰው ሲላክ፣ አዋጁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲነገር ያዛል። 72 ሰዓት ቅዳሜና እሑድን ይዞ ይሮጣል። ፍላሹ ውስጥ ምን እንደነበር የማያውቅ ድርጅት በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ብሎ ይጽፋል? ያልተሰበሰበ መረጃ ግን አይሰረቅም፣ አይረሳም፣ ሪፖርትም አያስፈልገውም።

ባለሥልጣኑ ራሱ ከባድ ሥራ ተሸክሟል። በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው ቴሌኮምን ለመቆጣጠር ነበር፤ አሁን የእያንዳንዱን ቀጣሪ መዝገብ ቤት የሚመለከት ኃላፊነት ተጨመረበት። ከቀጣሪዎች ሁሉ ትልቁ ደግሞ መንግሥት ነው፤ የመንግሥት ተቋም ሌላውን የመንግሥት ተቋም ሲቆጣጠር ድፍረቱ የሚለካው በመጀመሪያዎቹ ውሳኔዎች ነው። ስለ ሥራ ቦታ የተለየ፣ በቀላል አማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የተጻፈ መመሪያ ቢያወጣ ብዙ ሰው ይረዳል፤ አሻራ መቼ ይፈቀዳል፣ የሐኪም ወረቀት ማን ይይዘዋል፣ የአመልካች ማስረጃ ስንት ወር ይቆያል የሚለውን የሚመልስ።

እስከዚያው ድረስ ግን ሠራተኞች እጃቸው ላይ ያለ መሣሪያ አለ። ለብቻው ቆሞ እምቢ ማለት የማይችለው ሰው በማኅበር ሲሆን ይችላል። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የተፈቀደ ነው፤ የሥራ ሁኔታና የሥራ ደንብም የኅብረት ስምምነት ጉዳዮች ናቸው። እስከ ዛሬ በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ደመወዝ፣ ትራንስፖርት፣ የሥራ ልብስና ሕክምና ነው፤ እነዚህ ተገቢ ናቸው። የሚቀጥለው ድርድር ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። አሻራ መስጠት የማይፈልግ ወይም ማሽኑ የማይቀበለው ሠራተኛ ካርድ ይሰጠው፤ ማሽኑ ባለመቀበሉ የተመዘገበ መዘግየት ከስምንቱ አይቆጠር፤ ሠራተኛ ሲለቅ አሻራው መጥፋቱ በመሸኛው ቅጽ ላይ ከንብረት ክፍልና ከሒሳብ ክፍል ፊርማ ጎን ይፈረምበት።